ያለ ቅድሚያ ክፍያ በገጠር ካውንቲ ቤት መግዛት፦ የዩኤስዲኤ ብድር ለማን ይፈቀዳል?

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለቤት መግዣ ያግዛል ሲባል ብዙ ሰው የእርሻ ብድር ይመስለዋል። ላምም ትራክተርም አያስፈልግም። ዩኤስዲኤ በሩራል ዴቨሎፕመንት ቢሮው በኩል የሚደግፈው ሰው የሚኖርበትን ተራ ቤት ነው። መሠረቱ የ1949ኙ የቤቶች ሕግ ክፍል 502 ነው። ትልቁ ማራኪነቱ ቅድሚያ ክፍያ አለመጠየቁ ነው። ዜሮ።

እኛ ሰፈር በብዛት የሚወራው ኤፍኤችኤ የሚባለው ሌላው በመንግሥት የሚደገፍ የቤት ብድር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ዳላስ መሃል ለሚኖር ሰው ልክ ነው፤ እዚያ ዩኤስዲኤ አይሠራም። ግን ሁሉም አበሻ ትልቅ ከተማ አይኖርም። ሥጋ ፋብሪካ የሚሠራ አለ፣ ትራክ የሚነዳ አለ፣ ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የሚሠራ አለ። ይህ ጽሑፍ ለነሱ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ቦታ ልያዝ። ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ ኖብልስ ካውንቲ አለ። ዋና ከተማው ዎርዚንግተን ነው። ከተማውን የያዘው የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በዚህ ሥራ ምክንያት ሰፍረውበታል። ከዎርዚንግተን በአይ 90 ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ ሱ ፎልስ ይደርሳሉ። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ብዙ ነገር ያስረዳናል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ብድሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጋራንቲድ ይባላል። ገንዘቡን የሚሰጠው ባንክ ወይም ሞርጌጅ ኩባንያ ነው፤ መንግሥት ለአበዳሪው እስከ 90 በመቶ ዋስ ይሆናል። ሁለተኛው ዳይሬክት ነው፤ ገንዘቡን መንግሥት ራሱ ይሰጣል። አብዛኛው ሠራተኛ ቤተሰብ የሚገባው በመጀመሪያው ስለሆነ እሱን በዝርዝር አያለሁ። ዳይሬክቱን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አድራሻውን አጣሩ

ሰው ብዙ ጊዜ ከክሬዲት ስኮር ነው የሚጀምረው። እኔ ከአድራሻው ጀምሩ እላለሁ። ቤቱ የቆመበት መሬት ብቁ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለዚህ ፕሮግራም «ገጠር» የሚባለው ምንድን ነው? ሕጉ የሚያየው የነዋሪ ብዛትንና ከትልቅ ከተማ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። እስከ 10,000 ሰው ያለው፣ የገጠር ጠባይ ያልለቀቀ ከተማ ይገባል። ከ10,000 በላይ እስከ 20,000 የሆነ ከተማ ደግሞ ሜትሮፖሊታን ከሚባለው ክልል ውጭ ከሆነና የቤት ብድር በቀላሉ የማይገኝበት ከሆነ ይገባል። ሌላ ልዩ ሁኔታም አለ። ቀድሞ ገጠር ተብለው የተመዘገቡና በኋላ ያደጉ፣ እስከ 35,000 ነዋሪ ያላቸው አንዳንድ ከተሞች የ2030 የሕዝብ ቆጠራ ውጤት እስኪደርስ ብቁነታቸው ተጠብቆላቸዋል።

ዎርዚንግተን በ2020 ቆጠራ 13,947 ነዋሪ ነበራት። ከ10,000 ታልፋለች፤ ግን የማንም ትልቅ ከተማ ዳርቻ አይደለችም። ሱ ፎልስ በዚያው ቆጠራ 192,517 ነበራት። እሷ ፈጽሞ አትገባም። ስለዚህ ሱ ፎልስ እየሠራ በዚህ ብድር ቤት መግዛት የሚፈልግ ሰው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሥራው ከተማ መሆኑ ግን ችግር የለውም። የሚታየው የቤቱ ቦታ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ዩኤስዲኤ የብቁነት ካርታ አለው። «ሲንግል ፋሚሊ ሃውሲንግ ጋራንቲድ» የሚለውን መርጣችሁ ሙሉ አድራሻውን አስገቡ። ብቁ ያልሆነው ቦታ በቀለም ተለይቶ ይታያል። የካውንቲውን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። በአንድ ካውንቲ ውስጥ አንዱ ሰፈር ሊገባ ሌላው ሊወድቅ ይችላል፤ መስመሩ መንገድ መሃል የሚያልፍበትም አለ። የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ «ለዩኤስዲኤ ብቁ» የሚል ብታዩም ራሳችሁ አስገብታችሁ እዩት። ውጤቱን ከነቀኑ አትማችሁ ያዙ።

ደረጃ 2፦ ጣሪያው ሥር ያለውን ሰው ሁሉ ቁጠሩ

አበሻ በብዛት የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብቻችንን አንኖርም። ወንድም አለ፣ እናት አለች፣ ኮሌጅ የሚማር ልጅ አለ።

ፕሮግራሙ ገቢን ሁለት ጊዜ ያያል። ሁለቱ ፈተናዎች ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው «ይህ ቤተሰብ ለዚህ እርዳታ ገቢው በዝቷል ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ይቆጠራል፤ ብድሩ ላይ ቢፈርምም ባይፈርምም። ሁለተኛው «የሚፈርሙት ሰዎች መክፈል ይችላሉ ወይ?» የሚል ነው። እዚያ የፈራሚዎቹ ገቢ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አብሯችሁ የሚኖር ወንድማችሁ ካልፈረመ ለመክፈል አቅም ምንም አይጠቅማችሁም፤ ከተፈቀደው የገቢ ጣሪያ በላይ ግን ሊያሳልፋችሁ ይችላል።

ጣሪያው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ ነው። በ2025 በወጣው ሠንጠረዥ በአገር አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛው ጣሪያ ከ1 እስከ 4 ሰው ላለው ቤተሰብ 119,850 ዶላር፣ ከ5 እስከ 8 ሰው ላለው 158,250 ዶላር ነበር። ኑሮ ውድ በሆነባቸው ካውንቲዎች ከዚህ ይበልጣል። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ ስታመለክቱ የዚያን ዓመቱን እዩ።

በቁጥር እንየው። አባት በዓመት 52,000 ያገኛል፣ እናት 44,000፣ አብሯቸው የሚኖረው የአባት ወንድም 38,000። አንድ ትንሽ ልጅ አለ። አራት ሰው፣ ድምር 134,000። ከዚህ ተቀናሽ አለ፦ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 480 ዶላር፣ እንዲሁም ዕድሜው 12ና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ወላጆች ሥራ እንዲሄዱ የሚከፍሉት የዴይኬር ወጪ። ዴይኬሩ በዓመት 7,000 ነው እንበል። የተስተካከለው ገቢ 126,520 ይሆናል። ጣሪያው 119,850 ስለሆነ አይገቡም።

አሁን በዓመት 8,000 ዶላር ገቢ ያላት የእናትየው እናት እዚያው ቤት ትኖራለች እንበል። ሰው አምስት ሆነ። ድምሩ 142,000፣ ተቀንሶ 134,520። ግን ጣሪያው ወደ 158,250 ዘሏል። ገቡ። ገቢ ጨምሮ ብቁ መሆን እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሠንጠረዡ ግን የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ይህን አይቶ «በቃ እናቴን አስመዘግባለሁ» የሚል ይኖራል። በእውነት ቤቱ ውስጥ የምትኖር ከሆነ ብቻ። ለጉብኝት መጥታ የምትመለስ እናት አትቆጠርም። እንዲሁም አብሯችሁ የሚኖር ወንድምን መደበቅ አይቻልም፤ በመንጃ ፈቃዱና በታክሱ ላይ ያለው አድራሻ ያጋልጣል። የፌዴራል ብድር ማመልከቻ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው።

ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ ሙሉ ጊዜውን የሚማር ልጅ ቢሠራ ከደመወዙ 480 ዶላር ብቻ ነው የሚቆጠረው። ከ18 በታች ያለ ልጅ የሚሠራው ጭራሽ አይቆጠርም። ኦቨርታይም ግን የሚቀጥል ከሆነ ይቆጠራል። ፋብሪካ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገቡ ሰዎች ይህን አትርሱት።

ደረጃ 3፦ የፈራሚዎቹን አቅም አስሉ

መለኪያው ሁለት ቁጥር ነው፦ 29 እና 41። የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ከታክሱና ከኢንሹራንሱ ጋር ከጥቅል ገቢያችሁ 29 በመቶ፣ ሌላው ዕዳችሁ ሁሉ ተደምሮበት ደግሞ 41 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል። የዩኤስዲኤ ኮምፒውተር ጠንካራ ፋይል ካየ ከዚህ ከፍ ያለም ሊያሳልፍ ይችላል።

ከላይ ያሉት ባልና ሚስት 96,000፣ በወር 8,000 ያገኛሉ። 29 በመቶው 2,320 ነው። 41 በመቶው 3,280። የመኪናና የክሬዲት ካርድ ክፍያቸው በወር 740 ከሆነ 2,540 ይተርፋል፤ ስለዚህ 2,320ው ሙሉ በሙሉ ለቤት ይሆናቸዋል። ጥሩ።

አባትየው ግን ለጓደኛው ትራክ ኮሳይን አድርጓል፣ ማለትም ብድሩ ላይ አብሮ ፈርሟል፤ ክፍያው በወር 1,100 ነው። ጓደኛው በሰዓቱ ይከፍላል፣ አባትየው ነገሩን ረስቶታል። ክሬዲት ሪፖርቱ አልረሳም። አሁን ለቤት የሚቀረው 1,440 ብቻ ነው። በዚህ ሰው ቤት ያጣል። መውጫ አለው፦ ጓደኛው ከራሱ አካውንት 12 ወር በተከታታይ እንደከፈለ በባንክ ስቴትመንት ከታየ ዕዳው ከሂሳቡ ሊወጣ ይችላል። ጓደኛችሁ በካሽ እየሰጣችሁ እናንተ የምትከፍሉለት ከሆነ ግን ማስረጃ የለም። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ከዓመት በፊት ነው ማስተካከል ያለበት።

ለአገር ቤት ቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ እንደ ዕዳ አይቆጠርም። ኪሳችሁ ግን ያውቀዋል፤ ስታሰሉ እናንተ ቁጠሩት።

ትራክ ነጂዎችና ሌሎች በራሳችሁ የምትሠሩ፣ ለእናንተ የሚታየው የገባው ገንዘብ ሳይሆን ታክሱ ላይ ከወጪ ቀሪ ትርፍ ብላችሁ ያሳያችሁት ነው። ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት አማካይ ይወሰዳል። የታክስ ባለሙያው ወጪ አብዝቶ ገቢያችሁን 19,000 ካደረገው ባንኩም 19,000 ነው የሚያየው። የዕቃ እርጅና ቅናሽ ተመልሶ ይደመራል፤ የነዳጁና የጎማው አይመለስም።

ክሬዲት ስኮር ላይ ዩኤስዲኤ በሕግ የቆረጠው ዝቅተኛ ቁጥር የለም። በተግባር ግን አበዳሪዎች 640 ይፈልጋሉ። ስኮር ጭራሽ የሌለው አዲስ መጪም ተስፋ አይቁረጥ፦ የ12 ወር የኪራይ ክፍያ፣ የመብራት፣ የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ታሪክ በምትኩ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ ግን ኪራይን በካሽ መክፈል ማቆም ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ወረቀታችሁን አዘጋጁ

ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኝነት የገባ ሰው ያመለክታል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለና የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው፣ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው ግን በዚህ ሕግ ብቁ ከሚባሉት ውስጥ የለም።

የመጀመሪያ ቤት ገዢ መሆንም ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ለሥራችሁ በምትመላለሱበት ርቀት ውስጥ የሚበቃችሁ ሌላ ቤት ካላችሁ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም በዚያ ርቀት ውስጥ አይደለም፤ ሆኖም ማመልከቻው ላይ ንብረት ሁሉ ይጻፋል። 20 በመቶ ከኪሱ ከፍሎ መደበኛ ብድር ማግኘት የሚችል ሰውም ለዚህ ብድር አይገባም።

የሚጠየቁት ሰነዶች የተለመዱ ናቸው፦ የቅርብ ጊዜ ፔይ ስተብ፣ የሁለት ዓመት ደብሊው ቱና ታክስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ መታወቂያ። የማይፈርሙ አዋቂዎችም የገቢ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ወንድማችሁን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ፔይ ስተቡን መጨረሻ ላይ ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ዘመድ ክሎዚንግ (የግዢውን መዝጊያ) ያስተላልፋል። ስማችሁ በግሪን ካርዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ በደብሊው ቱው ላይ በሌላ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ቀድማችሁ ለሌንደሩ (ለአበዳሪው) አሳውቁ። የሁሉም ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ትፈርማላችሁ።

እቁብን በተመለከተ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። እቁብ ወጥቶላችሁ 12,000 ዶላር ባንክ ብታስገቡ ሌንደሩ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። እቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። እሱ የሚያየው በድንገት የገባ ካሽ ነው፤ የተደበቀ ብድር ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። መላው፦ መዋጮአችሁን በዜል ወይም በቼክ ክፈሉ፣ የእቁቡ ዳኛ የአባላቱን ዝርዝርና የእጣውን ቀን ጽፎ እንዲፈርም አድርጉ፣ ገንዘቡንም ከማመልከታችሁ ብዙ ወራት ቀድማችሁ አስገቡ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ እቁቡን ቀድማችሁ በልታችሁ ገና ብዙ ዙር የሚቀራችሁ ከሆነ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ቢሆንም ለሌንደሩ ንገሩት፣ ለራሳችሁም አስሉት።

ደረጃ 5፦ ሥራውን የሚያውቅ ሌንደር ፈልጉ

ሁሉም ባንክ አይሠራውም። ስትደውሉ «ዩኤስዲኤ ጋራንቲድ ትሠራላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ባለፈው ዓመት ስንት ጨረሳችሁ?» በሉ። የማያውቀው ሰው ወደሚያውቀው ኤፍኤችኤ ይስባችኋል።

ወጪውን አነጻጽሩ። 240,000 ዶላር ቤት በኤፍኤችኤ 3.5 በመቶ፣ ማለትም 8,400 ቅድሚያ ይፈልጋል። በዩኤስዲኤ ምንም። በምትኩ 1 በመቶ የዋስትና ክፍያ አለ፤ ብድሩ ላይ ሲጨመር አጠቃላዩ 242,424 ይሆናል። በየዓመቱ ደግሞ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ ይከፈላል፤ መጀመሪያ ላይ በወር 70 ዶላር ገደማ። ወለዱ 6.5 በመቶ ነው ብለን ብናስብ ዋናውና ወለዱ በወር 1,532 ዶላር ነው። የዋስትናው፣ ታክሱና ኢንሹራንሱ ሲደመሩበት ባልና ሚስቱ 2,320ው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ብድሩ የ30 ዓመት ነው፣ ወለዱም አይለዋወጥም።

«ዜሮ» ማለት ግን ባዶ እጅ ማለት አይደለም። ክሎዚንግ ኮስት አለ። ሻጩ ከዋጋው እስከ 6 በመቶ ሊሸፍን ይችላል፤ ተደራደሩ። ቤቱ ከተስማማችሁበት ዋጋ በላይ ከተገመተም ልዩነቱን ለክሎዚንግ መጠቀም ይቻላል። በ240,000 ተስማምታችሁ ግምቱ 246,000 ቢመጣ 6,000ው ለዚያ ይውላል። ኤፍኤችኤ ይህን አይፈቅድም።

ደረጃ 6፦ ቤቱ ራሱ ይፈተናል

ራሳችሁ የምትኖሩበት ቤት መሆን አለበት። ማከራያ አይሆንም። ለንግድ የሚውል ጎተራ ወይም በረት ያለው የሚሠራ እርሻም አይሆንም፤ በግብርና ሚኒስቴር ብድር እርሻ መግዛት አለመቻሉ ያስቃል፣ ለእርሻ ግን ሌላ ክፍል አለው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ቤቱ የራሱ የጉድጓድ ውሃና ሴፕቲክ (ግቢ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ሊኖረው ይችላል። ከአፓርትመንት ለሚወጣ ሰው ይህ አዲስ ዓለም ነው። የውሃው ምርመራ ውጤት ንጹሕ መሆን አለበት፣ ሴፕቲኩም መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። ውሃው ቢወድቅ ማን እንደሚያስተካክል ውሉ ላይ አስጽፉ። ገማቹ ጣሪያውን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱን ያያል፤ የእሱ ሥራ ግን ዋጋ መገመት ነው። ኢንስፔክተር በራሳችሁ ገንዘብ ቅጠሩ። ሚኒሶታ ጥር ላይ ማሞቂያ ሲሞት ምን እንደሚያወጣ የኖረበት ያውቃል።

ደረጃ 7፦ የመንግሥትን ፊርማ ጠብቁ

ሌንደሩ ካጸደቀ በኋላ ፋይሉ ወደ ዩኤስዲኤ ይሄዳል። እዚያ «ኮንዲሽናል ኮሚትመንት» የሚባል ወረቀት ይወጣል። ያለሱ አይዘጋም። ስለዚህ ውሉ ላይ የመዝጊያውን ቀን አታጥብቡት።

የጊዜውንም ነገር አስቡ። የፌዴራል በጀት ዓመት ጥቅምት 1 ቀን በፈረንጆች ይጀምራል። በ2025 መንግሥት ከዚያው ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 12 ተዘግቶ ነበር፤ መንግሥት ሲዘጋ አዲስ ኮሚትመንት አይወጣም። የምትችሉ ከሆነ ክሎዚንጋችሁን መስከረም መጨረሻ ላይ አታድርሱት። በዚህ መሃል መኪና አትግዙ፣ ሥራ አትቀይሩ፣ ለማንም አትፈርሙ።

ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ

ዳይሬክት የሚባለው ብድር ለአነስተኛና በጣም አነስተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ነው። ማመልከቻው በቀጥታ ለሩራል ዴቨሎፕመንት ቢሮ ይገባል፤ ደላላ አያስፈልግም። በድጎማ የክፍያው ወለድ እስከ 1 በመቶ ሊወርድ ይችላል፣ ዘመኑም 33 ዓመት፣ ለአንዳንዶች 38 ዓመት ነው። የመጀመሪያ ገዢ ከሆናችሁ የቤት ባለቤትነት ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱን ስትሸጡ ወይም ለቅቃችሁ ስትወጡ ከተሰጣችሁ ድጎማ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ስትፈርሙ ይህን ገጽ አንብቡት።

ቤት ያለውና ገቢው በጣም አነስተኛ የሆነ ሰው ደግሞ በክፍል 504 ለጥገና እስከ 40,000 ዶላር በ1 በመቶ ወለድ፣ ለ20 ዓመት መበደር ይችላል። ዕድሜው 62ና ከዚያ በላይ ሆኖ ብድር መክፈል ለማይችል እስከ 10,000 ዶላር እርዳታ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸጠ ይመልሰዋል።

ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ

በ60 ቀን ውስጥ ግቡበት። ሚኒሶታ ከሆናችሁ ወደ ካውንቲው አሴሰር (የንብረት ግምት) ቢሮ ሄዳችሁ ቤቱን «ሆምስቴድ»፣ ማለትም ራሳችሁ የምትኖሩበት ቤት ብላችሁ አስመዝግቡ፤ የንብረት ታክሱን ይቀንሳል። ሌንደሩ አያደርግላችሁም። ኖብልስ ካውንቲ ከሆነ ቢሮው ዎርዚንግተን ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ታክስ ማመልከቻው እስከ ታኅሣሥ 31 በፈረንጆች መግባት አለበት።